ዓይኑን ያበቀለችው

«የጁሳራን ስም ከጽሑፉ አውጡት፤ ማሽኑን ከማስነሳት በቀር ምን ሠርታለች? ዋናው ሥራ ልኬቱ ነው።»

ጁሳራ ይህን የሰማችው ከቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ዘንድ፣ የአማቷን የጠረጴዛ ልብስ ስታሰጣ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው። የተናገረው ባሏ ኤቫንድሮ ነበር፣ በስልክ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን እንዳለ ለማወቅ አልተቸገረችም፤ መሃል ላይ «ፕሮፌሰር ወልኔይ» ብሎታል። ወልኔይ ባልና ሚስቱ የሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነው፤ ዛሬ ማታ ወደ መጽሔት የሚላከው ጽሑፍም ያለው በእሱ እጅ ነው። ጁሳራ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳ ስለነበር ልናገር ብትልም አትችልም። ጨርቁን ዘረጋች፣ ጫፍና ጫፉን ቆነጠጠች፣ ባልዲውን አነሳች። ተናደደች። ከቃሉ ይልቅ ያንገበገባት ግን ድምፁ ነው። የሐሜት ድምፅ አልነበረም፤ የወተት ዋጋ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው ያለው።

ወጥ ቤት ስትገባ አማቷ ዶና ኦዲላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈው የልጃቸውን ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ጁሳራና ኤቫንድሮ በጃርዲም ሳተሊቴ ሰፈር በዚህ ቤት የኋለኞቹን ሁለት ክፍሎች ይዘው ይኖራሉ፤ ኪራይ አይከፍሉም፣ ምስጋና ግን በየቀኑ ይከፍላሉ። ጠረጴዛው ዳር ከዳቦ ቤቱ የመጣው ዳቦ ከነወረቀቱ ተቀምጧል፤ ቡናው በጨርቅ ማጥለያው ተጠልሎ ፔርሙዝ ገብቷል።

«ልጄ፣ ዳቦ ኪሎው ሃያ ሦስት ሬያል ገባልሽ» አሉ ዶና ኦዲላ ቀና ሳይሉ። «እንግዲህ እንደ ቅዱስ ቁርባን ቆንጥረን ምላሳችን ላይ ልናሟሟው ነው።»

«ገና ይጨምራል ይላሉ።»

«ይጨምር! ነገ ልጄ ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ቅቤም እንቀባበታለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኤቫንድሮ ለቋሚ ተመራማሪነት ይፈተናል። ቦታው አንድ፣ ተወዳዳሪዎቹ አራት ናቸው። ከዶክትሬቱ ወዲህ የኖረው በየዓመቱ በሚታደስ የምርምር ድጎማ ነው፤ ድጎማ ደግሞ ሰው ሲታመም ይቆማል፣ ለጡረታ አይታሰብም፣ ባንክ ፊት ይዘውት ቢቀርቡ የሚያዳምጥ የለም። የጁሳራ ደሞዝ ቋሚ ነው። ነገር ግን የተቀጠረችበት መደብ «የማሽን ባለሙያ» ይባላል፤ እሷም እንደ ባሏ ዶክተር መሆኗን መደቡ አያውቅም። እስከ ዛሬ በወጡት ጽሑፎች ስሟ የሚገኘው ከመጨረሻ፣ ከምስጋናው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። የአሁኑ ጽሑፍ የተለየ ነበር። ስምንት ዓመት ስታበቅል የኖረችው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያወራለት ሆኖ፣ ስሟ ከባሏ ቀጥሎ ሁለተኛ እንደሚሰፍር ተነግሯት ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ጁሳራ ግን ከፈለገችው ነገር ሁሉ የቀራት ይህ ብቻ ነበር፤ ሥራዋ በስሟ እንዲጠራ።

ኤቫንድሮ ፀጉሩ እንደረጠበ ብቅ አለ። እንደ ሁልጊዜው ግንባሯን ሳማት፣ ቡናው ስኳር እንዳለው ጠየቀ፣ አለው አለችው፣ ቆሞ ጠጣ። እናቱ ሸሚዙን አልብሰው ቁልፉን ሊቆልፉለት ሲሉ «እማዬ፣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው» ብሎ ሳቀ። ጁሳራ ሳህኖቹን አጠበች። ሊፈተን በሚወጣ ሰው ላይ ነገር አይነሳም ብላ ራሷን መከረች፤ ልቧ ግን ይህን ምክር የተቀበለው በግማሹ ነው።

መኪናዋ አንድ ስለሆነች አብረው ወጡ። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ጉሙ ከወንዙ ሸለቆ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከላይ፣ ከከተማው አውሮፕላን ፋብሪካ የተነሳ አውሮፕላን ሳይታይ ያጓራል። ኤቫንድሮ መሪውን ይዞ የሚያስረዳውን በከንፈሩ ይለማመዳል። የፈተናው ርዕስ በደንቡ ከአንድ ቀን በፊት በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ለእሱ የገዛ ሥራውን አውጥቶለት ትናንት ቤቱ ሁሉ ጨፍሯል። ጁሳራም ጨፍራለች። አሁን በመስኮቱ ወደ ጉሙ ታያለች። አንድ ጊዜ የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው ዞር ብሎ አያት፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ከኋላ ያለው ሰው ጡሩምባ ነፋበት። የሚሠሩበት ተቋም በር ላይ ሲደርሱ ግን እንዲህ አላት፦

«ዓይኑን ከመለኪያው አውጥተሽ በሳጥን አድርገሽ ታመጪልኛለሽ? ለፈታኞቹ ላሳያቸው። የኔ እጅ ዛሬ አይታመንም።»

«እሺ» አለች።

የሁለቱ ሥራ ሙቀትን የሚያይ ዓይን መሥራት ነው። ቺፑን በቤተ ሙከራው ሁሉም «ዓይን» ነው የሚለው። ትኩስ ነገር ሁሉ፣ ሰውም፣ የጋለ ብረትም፣ የሚቃጠል ጫካም፣ ሰው የማያየው ታህተ ቀይ ብርሃን ይረጫል፤ ቺፑ ያንን ይይዛል። ችግሩ ዓይኑ ራሱም ሙቀት ያለው ነገር መሆኑ ነው፤ የገዛ ሙቀቱ ያሳውረዋል። ስለዚህ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ወደ ሁለት መቶ ዲግሪ ግድም ካልቀዘቀዘ አያይም። ትንሽ ሳተላይት ላይ ተሰቅሎ የአማዞንን ቃጠሎ እንዲጠብቅ ቢፈለግ፣ ያን የሚያህል ማቀዝቀዣ ተሸክሞ መውጣት አይችልም። ሳተላይቷ የምትችለው ቀላል ማቀዝቀዣ የሚወርደው እስከ መቶ ሠላሳ ብቻ ነው። የጁሳራ መላ ነጥቦቹ ናቸው። አየር ተመጥጦ ባለቀበት ማሽን ውስጥ አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ በአቶም ውፍረት ትደርባለች፤ በሙያው ይህ ማብቀል ይባላል፤ ልኩ ከሥሩ ካለው ጋር የማይገጥም ንጣፍ ስትጨምርበት ላዩ ይጨነቅና በራሱ ተኮማትሮ ደቃቅ ነጥቦች ይሆናል፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በምታህል ቦታ ላይ ሚሊዮኖች። ሰዎች ምንድነው ጥቅሙ ሲሏት በእንቁላል ታስረዳለች። እንቁላል በቅርጫት ቢጫን መኪናው ሲንገጫገጭ ይንከባለላል፤ እያንዳንዱ በየጎድጓዳው ቢቀመጥ ግን አይነቃነቅም። ኤሌክትሮኖቹም በየነጥቡ ሲቀመጡ ሙቀት በቀላሉ አያባርራቸውም፤ ዓይኑም ብዙ ሳይቀዘቅዝ ያያል። ጥበቡ ማቆሙ ላይ ነው። ንጣፉን በሚያሳየው የማሽኑ አረንጓዴ ስክሪን ላይ መስመሮቹ ተሰባብረው ነጥብ ነጥብ ሲሆኑ መደረቡን መዝጋት ነው፤ ትንሽ የዘገየ ጓል ያበቅላል።

የመለኪያ ክፍሉ የኤቫንድሮ ነው፤ ጁሳራ ወደዚያ የምትገባው ለልደት ኬክ ሲጠሩ ካልሆነ ብዙም አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ወንበሩ ላይ የእሱ የብርድ ሹራብ ተንጠልጥሏል። የመለኪያውን ክዳን ብሎን በብሎን ፈታች። ዓይኑ በቀዝቃዛው መዳብ ላይ ተቀምጧል፣ የጥፍር ግማሽ የምታክል ጥቁር ካሬ። ሳጥኑን ከፍታ በወረንጦ ልታነሳት እጇን ስትሰድ፣ ዓይኗ ሳታዘው ቴርሞሜትሩን ፈለገ። ይህ የአብቃዮች አመል ነው። አብቃይ ቴርሞሜትር አያምንም። በማሽኗ ውስጥ ቴርሞሜትሩ ንጣፉን ስለማይነካ ሁልጊዜ ይዋሻል፤ አብቃይ መጀመሪያ የምትማረው የት እንደተቀመጠና በስንት እንደሚዋሽ ማወቅ ነው። መለኪያ ክፍል ያሉት ሰዎች ግን የሚያምኑት ቁጥሩን ነው። እነሆ ቴርሞሜትሩ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ በቀጭን ሽቦ ታስሮ፣ ከዓይኑ ጎን ሳይሆን ወዲያ፣ የቅዝቃዜውን ልክ ከሚያስተካክለው ማሞቂያ ጎን በብሎን ተጣብቋል። ዓይኑ ያለው በናይትሮጅኑ በኩል ነው።

ወረንጦውን አስቀመጠች። ጽሑፉ የሚለው ዓይኑ በመቶ ሃያ ያያል ነው፣ ከዜሮ በታች። ሰው ያወራለት በዚህ ቁጥር ነው፤ በመቶ ሃያ የሚያይ ዓይን ሳተላይት ላይ ይወጣል። ነገር ግን መቶ ሃያ የሆነው ማሞቂያው ከሆነ ዓይኑ ከዚያ የበለጠ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የመጣላት ስሜት ደስታ ነው፤ ይህን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ዋናው ሥራ ልኬቱ ነው ያለው ሰው ልኬቱን አበላሽቶት አገኘችው፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የተበላሸው ቁጥር የእሷ ነጥቦች ቁጥር ነው። ስሟን ሰው የሚያውቅበት ብቸኛው ነገር ይኸው ነበር።

ቴርሞሜትሩን ፈትታ ከዓይኑ ጎን አሰረችው። ክዳኑን ገጠመች፣ አየሩን መጠጠች፣ ናይትሮጅኑን ቀዳች፤ ነጭ እንፋሎቱ ጫማዋ ላይ ተንከባለለ። በዓይኑ ፊት የጋለች ብረት አለች፣ በብረቷና በዓይኑ መካከል የሚከፈትና የሚዘጋ መከለያ። መከለያው ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር መዝለል አለበት። በመቶ ሃያ አልዘለለም። ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፤ መስመሩ ራሱን እያየ ይንቀጠቀጣል እንጂ ከፊቱ ያለውን ብረት አላወቀም። እያቀዘቀዘች ወረደች። መቶ ሠላሳ ላይም የለም። መቶ ሃምሳ አምስት ሲደርስ መስመሩ ዘለለ፣ ንጹህ ሆኖ። ነጥብ የሌለው አሮጌው ዓይናቸው የሚያየው በመቶ ሰባ አምስት ነበር። እንግዲህ ነጥቦቹ ሠርተዋል፤ ሃያ ዲግሪ ወደፊት ሄደዋል። ሃያ ዲግሪ የሐቅ ሥራ ነው፤ ሳተላይት ላይ ግን አያወጣም፣ ከሌሎቹ ሦስት ተወዳዳሪዎችም አያስበልጥም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለሚፈተን ሰው ግን ማደሪያ የለውም።

ኤቫንድሮን ያገኘችው ከበሩ ማዶ፣ ምግብ በሚዛን የሚሸጥበት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ኪሎው ሰባ ሁለት ሬያል ስለሆነ ሰው ሁሉ ሥጋ ያነሳና ወደ ሩዙ ይመለሳል። የእሱ ሳህን ላይ ሩዝና ጥቁር ባቄላ አለ፣ አልተነካም። ነጩን ሸሚዝ እንዳያበላሽ ናፕኪን አንገቱ ላይ ሰክቷል።

«ቴርሞሜትሩ የታሰረው ማሞቂያው ጎን ነው» አለችው ሳትቀመጥ።

ሹካውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

የጠበቀችው ክርክር ነበር። ቅናት ነው ይለኛል፣ ሆን ብለሽ ነው ይለኛል ብላ መልሱን ሁሉ እያዘጋጀች ነው መንገዱን የተሻገረችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ክዳኑን ስከፍት አየሁት። መልሼ ዘጋሁት።» ናፕኪኑን ከአንገቱ ነቀለ። «ስምሽን ያስወጣሁትም ለዚህ ነው። ወልኔይን ዛሬ ጠዋት...»

«ሰምቻለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ልብስ ማስጫው ላይ ነው የሚከፈተው። የእናትህ ቤት ነው፣ አንተ አታውቅም?»

ኤቫንድሮ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «አንድ ቀን ይታወቃል፣ ጁ። ሲታወቅ በእኔ ላይ ብቻ ይውደቅ ብዬ ነው። ወልኔይ ደግሞ ያለ ምክንያት ስም አያወጣም። ምክንያት ሰጠሁት።»

«ምክንያቱ እኔ ምንም አለመሥራቴ ነው።»

«አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«እኔን ያስከፋኝ እሱ ነው። ቶሎ ነው የመጣልህ።»

በአጠገባቸው ሁለት መሐንዲሶች ስለ እግር ኳስ እየተጨቃጨቁ አለፉ። ጁሳራ ዓይኑ በእውነት የሚያየው በስንት እንደሆነ ነገረችው፤ መቶ ሃምሳ አምስት። አንገቱን ነቀነቀ፤ እሱም ከዚያ ሩቅ አልገመተም። አውቀህ ነው ዛሬ ወደዚያ ክፍል የላክኸኝ ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አለ፣ ባቄላውን እያየ፤ እውነቱን እንደሆነ አመነችው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ሲዋሽ ቶሎ ቶሎ እንደሚያወራ ታውቃለች፣ አሁን ቀስ ብሎ ነው።

«ስሜን መልስ» አለችው።

«በተሳሳተ ቁጥር ላይ?»

«በትክክለኛው ላይ።»

«በትክክለኛው ቁጥር ቦታውን አላገኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እማዬን ምን እላታለሁ?»

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ዓይኑ ውስጡ ነበር፤ ተነስታ ወጣች።

ፈተናው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል፣ መናገር ግን ክልክል ነው። የታዳሚ ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል፤ ይህ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ዶና ኦዲላ ለሠርግ የሚለብሱትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ በአውቶቡስ መጥተው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጁሳራን ይጠብቃሉ። ቦርሳቸው ውስጥ የአይብ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልለዋል፤ «ሲወጣ ይርበዋል» አሉ በሹክሹክታ። ፊት ለፊት ሦስቱ ፈታኞች አሉ። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር አልዚራ ፒሜንታ ሽበታቸውን አጭር የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት ናቸው፤ ከሌላ ከተማ ነው የመጡት። ግራና ቀኛቸው ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ የቀኙ ወፍራምና ደስተኛ ነው። ወልኔይ ኋላ፣ በሩ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ኤቫንድሮ ጎበዝ ተናጋሪ ነው። ብርሃኑን አስረዳ፣ ሙቀቱን አስረዳ፣ ነጥቦቹ ላይ ሲደርስ ስለ እንቁላል ተናገረ፤ ቅርጫቱን፣ መኪናውን፣ ጎድጓዳውን ሁሉ። ዶና ኦዲላ ገባኝ ለማለት የጁሳራን ጉልበት መታ አደረጉ። ወፍራሙ ፈታኝ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ጁሳራ ምሳሌዋን ከሰው አፍ ስትሰማው ጥሩ ምሳሌ እንደሆነ ተሰማት። ቀጥሎ የመጨረሻው ሥዕል መጣ፤ በትልልቁ መቶ ሃያ ይላል። ኤቫንድሮ ብርጭቆውን አነሳ። ውሃ ጠጣ። ጁሳራ ወደ እሷ ያይ እንደሆነ ጠበቀች፤ አላየም፣ ብርጭቆውን ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፣ ከተሰጠው ሰዓት ያለፈ ነጥብ ይቀነስበታል።

«ይህ ቁጥር ስህተት ነው» አለ። «ቴርሞሜትሩ የታሰረው ያለቦታው ነበር። ትክክለኛው መቶ ሃምሳ አምስት ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ወልኔይ ተነስቶ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወጣ። ፕሮፌሰር አልዚራ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። ወፍራሙ ፈታኝ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ «ይህን ማን ደረሰበት?» አለ።

«እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት አይቼው ዝም ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት በትክክል የለካችው ዶክተር ጁሳራ ብራጋንቲኒ ናት። ነጥቦቹንም በሙሉ ያበቀለችው እሷ ናት። ይህ ሥራ ሥራ የሆነው በእሷ ነው።»

ጁሳራ የገዛ ስሟን ሰማች፣ በአባቷ ስም፣ በሙሉ፣ በአዳራሽ ውስጥ።

«ዶክተር ብራጋንቲኒ» አለ ወፍራሙ ፈታኝ እስክሪብቶውን እያነሳ፣ «ከየትኛው ተቋም ናት?»

«ከዚሁ። እዚሁ ናት።» ኤቫንድሮ ትንሽ ዘገየ። «ባለቤቴ ናት።»

«አሃ!» አለ ሰውዬው፤ እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። «እንዲህ ያለ ባል ዛሬ ማታ እራት አያጣም።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ደግ፣ ሞቅ ያለ ሳቅ ነው፣ በሠርግ ላይ እንደሚሳቀው። የግራው ፈታኝ ሳቀ፣ ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ዶና ኦዲላም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳቁ። ኤቫንድሮ ብቻ ነው ያልሳቀው። ጆሮው ቀላ፣ «ፕሮፌሰር፣ ይህ ቀልድ አይደለም...» ብሎ ጀመረ፤ ሰዓቱ ጮኸ፣ ሰብሳቢዋም እጃቸውን አንስተው አበቃ አሉ። ጁሳራ የወንበሩን ጠርዝ እንደጨበጠች ነው። ተነስታ መናገር አትችልም። ብትችልስ ምን ትላለች? ስሟ ተጠርቷል፤ ጠሪውም አላጎደለም። ግን ስሟን ሊጽፍ የተነሳው እስክሪብቶ «ባለቤቴ» የሚለውን ሲሰማ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ፤ ስምንት ዓመት የሠራችው ሥራ ባል ለሚስቱ የሚያመጣው አበባ ሆኖ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ዶና ኦዲላ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙትና የአይብ ዳቦውን እጁ ላይ አደረጉለት። «ልጄ፣ ሰማሽው?» አሉ ወደ ጁሳራ ዞረው። «ፈተና መሃል እንኳን ሚስቱን የማይረሳ! እንዴት ያለ ጨዋ ነው ያሳደግሁት?» ጁሳራ አዎ አለች። ኤቫንድሮ ዳቦውን እንደያዘ ቆሟል፣ አይበላም።

«ሳቁ» አላት ቀስ ብሎ።

«አየሁ።»

«በትክክል ነው የተናገርኩት። አይደል?»

«በትክክል ነው።»

«ታዲያ ምን ነካቸው?»

እንደ ሕፃን ነው የጠየቃት፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። ጠዋት በመስኮቱ የሰማችው ሰውና ይኸኛው አንድ ሰው ናቸው፤ ይህን መቀበል ነው የከበዳት። በእሱ ላይ የያዘችው ንዴት አልበረደም፣ ግን ንዴቱ የሚገባው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሳቁትም እንደሆነ አሁን አየች። ሦስቱም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ውጤቱን ጠበቁ፣ ዶና ኦዲላ የአውቶቡስ ታሪፍ ስንት እንደገባ እየተናገሩ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ፕሮፌሰር አልዚራ ውጤቱን ቆመው አነበቡ። ኤቫንድሮ ሁለተኛ ወጣ። ቦታው አንድ ነው። ሰው እንኳን ደስ አለህ ሊል ወደ ሌላው፣ ወደ ረጅሙ ወጣት ሄደ። ዶና ኦዲላ ሽቅብ ልጃቸውን እያዩ፣ «ምን አስለፈለፈህ? እንዴት ደስ ይል ነበር እኮ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ፣ እንባቸውም መጣ። ኤቫንድሮ ትከሻቸውን አቀፈ። «እንሂድ እማዬ። ድጎማው እስከ መጋቢት አለ» አላቸው። ጁሳራ የመኪናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ ፈለገች፤ እሱ በዚህ ሁኔታ አይነዳም።

ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ፈጣን እርምጃ ተሰማ። ፕሮፌሰር አልዚራ ናቸው፣ ፎልደራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ካፖርታቸውን በአንድ እጃቸው ብቻ ለብሰው። ኤቫንድሮ ሊያናግሩት የመጡ መስሎት ቀና አለ። ሴትዮዋ በአጠገቡ አልፈው ጁሳራ ፊት ቆሙ።

«ብራጋንቲኒ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።»

«ነጥቦቹ ከበቀሉ በኋላ በሚቀጥለው ንጣፍ ከመሸፈንሽ በፊት ምን ያህል ጊዜ ትተዪያቸዋለሽ?»

ይህን ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ነጥቦቹ አንዴ ከቆሙ በኋላ ሳይሸፈኑ የሚያርፉባት ያቺ አፍታ ዋናዋ ናት፤ ካጠረች ያልተስተካከሉ ይቀራሉ፣ ከረዘመች እርስ በርስ ይበላላሉ። ስምንት ዓመት የለፋችው ለዚያች አፍታ ነው፤ ባሏም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም።

«ሠላሳ ሰከንድ» አለች። «በአርሰኒክ ትነት ሥር። ግን በመጀመሪያው ዙር ነው። ከአምስተኛው ንጣፍ በኋላ እቀንሰዋለሁ።»

«ለምን ትቀንሺዋለሽ?»

«ከሥር ያሉት ስለሚጫኗቸው ከላይ ያሉት ቶሎ ያድጋሉ። በሠላሳ ብተዋቸው ይወፍራሉ።»

«እኔ ሃያ ዓመት ሳበቅል አልቀነስኩም» አሉ ሴትዮዋ፤ ፎልደራቸውን የደረጃው መደገፊያ ላይ አስቀመጡ። «ለዚህ ነዋ የወፈሩብኝ! ወደ ስንት ነው የምትቀንሺው?»

ጁሳራ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘች በእጇ እያሳየች ታስረዳ ጀመር፤ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ እየደረበች፣ ጣቶቿን እያጠፈች። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። ዶና ኦዲላ ሁለት ደረጃ ወርደው ቆመው ነበር፤ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ላይ እያዩ የልጃቸውን ክንድ ጎተቱ።

«ተስፋ አለ እንዴ?» አሉት። «ስላንተ ነው የሚያወሩት?»

«ስለ እኔ አይደለም» አለ ኤቫንድሮ፣ ደረጃው ላይም ቁጭ ብሎ ጠበቃት።